ሎሚ የጠፋበት ሁዳዴ

ፈህሚያ ዐብዱልከሪም ጁስ ቤት የከፈተችው ለመክሳት ነው። ሌላው ሰው ሱቅ ሲከፍት ለመወፈር ነው፤ እሷ ግን ሁሉን ነገር በግልባጩ ካላደረገች አይሆንላትም። ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ጎንደር አዲስ ዓለም ውስጥ የእኔ ፎቶ ኮፒ ቤትና የእሷ ጁስ ቤት በአንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው የተለያዩት። የእኔ ማሽን ሲያጓራ እሷ ትሰማለች፣ የእሷ መፍጫ ሲጮህ እኔ እሰማለሁ። ስሜ አስናቀው ነው። ወሬ አልወድም፤ ግድግዳው ግን ስስ ነው።

አባቷ ሐጂ ዐብዱልከሪም መጀመሪያ ጨርቅ፣ ኋላ ቅመማ ቅመም ይሸጡ ነበር። ሰው ከሩቅ ሰፈር እየመጣ ከእሳቸው ይገዛ የነበረው ዋጋቸው ረክሶ ሳይሆን ሚዛናቸው ልክ ስለነበረ ነው። ሲሞቱ ሱቁን ወንድሞቿ ወሰዱት። ለፈህሚያ የደረሳት የሚዛኑ ብረት ነው፤ ከትልቁ እስከ ትንሹ፣ እጀታቸው በእጅ ብዛት ያብረቀረቀ የብረት ድንጋዮች። ባሏ ሸሪፍ የመኪና ጎማ ነጋዴ ነው፤ ብረቶቹን አይቶ «ውርስ ማለት ይኼ ነው? ለወገብ በሽታ ነው እንጂ» አለ ይባላል።

ልጆቿን ወልዳ ካሳደገች በኋላ ውፍረት መጣባት። አንድ ቀን ራሷን አዙሯት ጤና ጣቢያ ሄደች። ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ «ቁርስሽ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ፈህሚያም ሳታፍር «ቂጣ በቅቤ፣ ማር ጠብ አድርጌበት» አለች። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠችና ለረጅም ጊዜ መከረቻት። ከዚያን ቀን ወዲህ ፈህሚያ ካሎሪ የሚባል ነገር እንደ አበዳሪ ያሳድዳት ጀመር።

ቶፉ የሚባለውን ነገር ያገኘችው በስልኳ ነው። አንዲት የሩቅ አገር ሴት አኩሪ አተር ዘፍዝፋ፣ ፈጭታ፣ አፍልታ፣ እንደ አይብ ስታረጋው አየች። ንግግሯን አልሰማችም፤ እጇን ብቻ እያየች ተማረች። አኩሪ አተሩን ሲመሽ ትዘፈዝፈዋለች። ጠዋት ፈጭታ በሻሽ ታጠልለዋለች። ወተት መሳዩ ሲፈላ ከእሳት ታወርድና ሎሚ ትጨምቅበታለች፤ ወዲያው ይቆራረጣል። የረጋውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ የአባቷን የሚዛን ብረት ትጭንበታለች። ውሃው ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ነጭ፣ ልስልስ፣ ሽታ የሌለው ነገር ይቀራል። ሸሪፍ የመጀመሪያውን ቀን ቀምሶ «ሳሙና ነው» ብሎ ተፍቶታል።

እሷ ግን እልኸኛ ናት። ከፓፓያ ቁራሽ፣ ከካሮት፣ ከቆስጣ ቅጠልና ከዝንጅብል ጋር ፈጨችው፤ ተልባ ጨመረችበት፤ ስኳር ነፈገችው። ሳሙና የነበረው ቁርስ ሆነ። ጥግብ ያደርጋል፣ ሆድ ላይ ግን አይከብድም። ራሷ ስትከሳ ያየ ሰው ሁሉ «ምን እየበላሽ ነው?» ይላት ጀመር። ጁስ ቤቱ የተወለደው እንዲህ ነው። ሰዉ ቶፉ የሚለውን ስም አልወደደውም፤ ማን እንዳወጣለት አላውቅም፣ «የጾም አይብ» ብሎ ጠራው። እኔም ሆዴን ለመቀነስ በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ መጠጣት ጀመርኩ። ሆዴ እስካሁን አልሰማም።

እትዬ ወለተሩፋኤል ወደዚያ ጁስ ቤት የመጡት ተደብቀው ነው።

ከጃናሞራዋ መካነ ብርሃን ወደ ጎንደር የወረዱት በስኳር በሽታ ምክንያት ነው፤ ልጃቸው አበቡ ዘንድ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጎንደር መጥተውም እንደዚያው ሊጾሙ ሲሉ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ወደቁ። የንስሐ አባታቸው በስልክ ተቆጧቸው። «ሰዓቱን ትቼልሻለሁ፤ መድኃኒት የሚውጥ ሰው ጠዋት ይብላ። ፍስክ ግን እንዳትነኪ» አሏቸው። እትዬ ወለተሩፋኤል ይህን ፈቃድ ተቀበሉት፣ ግን ዐይናቸው ከመሬት አልነሣ አለ። ጠዋት ሲበሉ ጎረቤት እንዳያያቸው ሠጉ። ስለዚህ የሰበካቸው ሰው የማይበዛበት ሰፈር ፈለጉ፤ አዲስ ዓለም መጡ። የሙስሊም ጁስ ቤት ውስጥ ጥግ ይዘው፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው ቁርሳቸውን ይጠጡ ጀመር።

የመጀመሪያ ዕለት የጠየቁት ዋጋ አይደለም። «ዕቃው ወተት ይነካዋል?» አሉ። ፈህሚያ እውነቱን ነገረቻቸው፤ በዚያው መፍጫ የማንጎ ጁስ በወተት ትሠራለች። አሮጊቷ አመስግነው፣ አጥንታቸው እየተንቋቋ ተነሥተው ሄዱ። ፈህሚያ ያን ቀን ከሰዓት ገበያ ወጥታ ሌላ መፍጫ፣ ሌላ ጆግ፣ ሌላ ማጥለያ ጨርቅ ገዛች። የጆጉ እጀታ ላይ ቀይ ክር አሰረች፤ ቀይ ክር ያለበትን ዕቃ ወተት አይነካውም። ይህን ያደረገችው ለአንዲት የማታውቃት አሮጊት ነው። ሰው መሆኗን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ጎረቤት ብቻ ነበረች።

አሮጊቷን በማግስቱ በደጇ ሲያልፉ ጠርታ ቀዩን ክር አሳየቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቀሩ ማለት ዘበት ነው። በየጠዋቱ ብርጭቆው ሲቀርብላቸው፣ ቀዩን ክር እያዩም ቢሆን፣ «የጦም ነው?» ይላሉ።

«የጾም ነው እትዬ» ትላለች ፈህሚያ።

ያን ጊዜ ያማትባሉ፤ ከዚያ ይጠጣሉ። እሮብና ዓርብ ሳይሉ፣ በፍስኩም ወራት ቢሆን ይጠይቃሉ። አንዳንዴ በግድግዳው በኩል ስሰማቸው እኔው «የጾም ነው» ብዬ ልመልስላቸው ያምረኛል።

ሁዳዴ ሲገባ መንገድ ተዘጋ። መንገድ ለምን እንደሚዘጋ ጎንደር ላይ የሚጠይቅ የለም፤ መቼ ይከፈታል ብቻ ነው። ከአዲ አርቃይ በኩል ከቆላው የሚመጣው ሎሚ ጠፋ። ፈህሚያ ቅዳሜ ገበያን አሰሰች፤ ያገኘችው ደርቆ ድንጋይ የሆነ ነው። አኩሪ አተሩ በጆንያ አለ፤ ማርጊያው ግን የለም። ሰኞ ዕለት በአቸቶ አረጋችው። ቶፉው ረጋ፣ ነገር ግን ሰላጣ ሰላጣ ይሸታል። ዝንጅብሉም ፓፓያውም አልደበቁትም። እኔ ግማሹን ትቼ ወጣሁ። እትዬ ወለተሩፋኤል ሁለት ጊዜ ተጎነጩና ሆዳቸውን ይዘው ብርጭቆውን ገፋ አደረጉት። መድኃኒታቸውን ውጠው ነበር። ፈህሚያ እስኪሄዱ ድረስ በዐይኗ ሸኘቻቸው፤ ነገ ምን ላደርግ ነው ብላ ጨነቃት።

የሸሪፍ እህት ሐዲጃ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምትኖረው። ለረመዳን ስትዘጋጅ ሳምንቱን ሙሉ ቅቤ ስትንጥ፣ አይብ ስታወጣ ነበር፤ ረመዳን በዚያው ሳምንት መጨረሻ ሊገባ ነው። አይቡ ከወጣ በኋላ የሚቀረው አጓት በባልዲ ተቀምጧል። ፈህሚያ ማክሰኞ ጠዋት በባልዲው አጠገብ ስታልፍ ጣቷን ነክራ ቀመሰችው። ኮምጣጣ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ የፈላውን ከእሳት አወረደችና አንድ ጭልፋ አጓት ጨመረችበት።

ኋላ ስትነግረኝ እንዲህ አለችኝ፦ «አጓት ውሃ አይደል? ለጥጃና ለውሻ የሚሰጥ ነገር አይደል? ማንም ፍስክ ብሎ አይቆጥረውም ብዬ ነበር።» ይህን ስትል ግን ዐይኔን አላየችም። ወተት ወተት ነው፤ አጓትም ልጁ ነው። ይህን የጎንደር ሰው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያውቃል።

ችግሩ ደግሞ ቶፉው ያማረ መሆኑ ነው። በሎሚ ከሚረጋው ይበልጥ ለስላሳ፣ ይበልጥ ጣፋጭ ሆነ። እኔ ጠጥቼ «ዛሬ እጅሽ ይባረክ» አልኳት። ሁሉም ሰው አመሰገናት። እትዬ ወለተሩፋኤልም እስከ ታች ጨለጡት። ፈህሚያ ቀይ ክር ያለበትን ጆግ ፈርታ ደጋግማ አጠበችው፤ ግን ደግሞ አሮጊቷ መብላታቸውን አይታ ደስ ብሏታል። ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፤ እሷም አታውቅም።

እሮብ ጠዋት በዚያው በአጓት አረጋችው። እትዬ ወለተሩፋኤል አንድ ጊዜ ተጎነጩና ብርጭቆውን አስቀመጡ። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ አልጠየቁም ነበር፤ ከቀመሱ በኋላ ነው የጠየቁት።

«ፈህሚያዬ፣ የጦም ነው?»

«የጾም ነው እትዬ።»

«ሸጋ ነው። ከወትሮው ለየት ብሎብኝ ነው። በምን አረጋሽው?»

በቆርቆሮው ወዲህ ሆኜ ወረቀት እየጫንኩ ነበር።

«በሎሚ ነው» አለች ፈህሚያ።

እትዬ ወለተሩፋኤል አማተቡና ጠጡ። ብርጭቆው ውስጥ ምንም አላስቀሩም።

ከሰዓት ፈህሚያ እኔ ዘንድ መጣች። ልጇ ኢልሃም ኮፒ የምታስነሣው ነገር አለ ብላ ነው የገባችው፤ እጇ ላይ ግን ወረቀት የለም። ተቀመጠችና ሁሉን ነገረችኝ። እኔ ምን ልበል፣ ሳቅሁ። «እኔንም አስገደፍሽኝ ማለት ነው?» አልኳት። እኔ ሁዳዴን የምጾመው ሥጋ ቤቱ ስለሚዘጋ ነው፤ ገደፍኩም አልገደፍኩም ሰማይ አይናድም። እሷ አልሳቀችም።

«አያ አስናቀው፣ አጓቱን ተወው። ጠየቁኝ እኮ። በምን አረጋሽው ብለው በአፋቸው ጠየቁኝ። እኔ ሎሚ አልኩ።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልንገራቸው?»

ምክር የጠየቀችው ሰነፉን ሰው ነው። «ከነገሩ ጦም እደሩ» አልኳት። «ብትነግሪያቸው ሁለተኛ አይመጡም። ካልመጡ ጠዋት አይበሉም። ካልበሉ ደግሞ ይወድቃሉ። ሎሚ እስኪመጣ በአቸቶ ሥሪላቸውና ዝም በይ። ያላወቁት ነገር ኃጢአት አይሆንባቸውም።» አሁን ሳስበው ምክሬ ክፉ አልነበረም፤ ግን ለእኔ የሚቀል ምክር ነበር። ሸሪፍም ቤት ውስጥ ያንኑ ነው ያላት።

«ላላወቁትማ አይሆንባቸውም» አለች ፈህሚያ። «እኛም ዘንድ በረመዳን ረስቶ የበላ ሰው፣ አላህ ነው ያበላው ይባላል። እሳቸውን ግን አላህ አይደለም ያበላቸው፤ እኔ ነኝ።»

ሐሙስ ጠዋት ቶፉውን በአቸቶ አረጋችው፤ ጨርቁን ሦስት አራት ጊዜ እያለቀለቀች፣ ቶፉውን በውሃ እየነከረች ሽታውን ለማስለቀቅ ደከመች። የአባቷን ብረት ስትጭንበት አለቀሰች። ሐጂ ዐብዱልከሪም ሚዛን የሚያጎድል ሰው ላይ የወረደውን ቁርኣን ለልጆቻቸው ሲያስተምሩ፣ ፈህሚያ ትንሽ ልጅ ሆና ከባንኮው ሥር ተቀምጣ ነበር። የሳቸው ብረት አንድም ቀን አልዋሸም። በዚያው ብረት ተጭኖ የወጣ ነገር ላይ እሷ ዋሸች።

እትዬ ወለተሩፋኤል ሐሙስ አልመጡም።

ዓርብ ጠዋትም አልመጡም። ጥጋቸው ላይ ያለችው ዱካ ባዶዋን ዋለች። ፈህሚያ በር በሩን እያየች ደንበኛ ስታምታታ፣ ለካሮት ፈላጊ ፓፓያ ስትሰጥ ዋለች። ያን ዕለት ሲመሽ ጨረቃ ትታያለች ይባል ነበር፤ ከታየች ሌሊቱን ለሱሑር ተነሥቶ ይበላል፣ ጾሙ ይገባል። እነሱ ዘንድ ረመዳን ሳይገባ ሰው ሰውን አፉ በለኝ ይላል፣ የበደለውን ይቅር ያሰኛል። ጎረቤቶቿ ሁሉ ቤት ለቤት አፉ ይባባላሉ። ሐዲጃ መጥታ «አፉ በይኝ» ስትላት ፈህሚያ አፉ አለቻት፤ ራሷ ግን አፉ በሉኝ ልትላቸው የሚገባት ሰው እዚያ የሉም።

ከጁምዓ ሰላት በኋላ ቀይ ክር ያለበትን ጆግ በፌስታል ይዛ ሱቄ በር ላይ ቆመች። ጆጉ ውስጥ በአቸቶ ያረጋችው ቶፉ ተፈጭቶ ተሞልቷል።

«አብረኸኝ ሂድ» አለችኝ። «ብቻዬን ከሄድኩ ከመንገድ እመለሳለሁ።»

«ምን አገባኝ?» ልል ነበር። ከነገሩ ጦም እደሩ ያልኩት እኔ ነኝ። ሱቄን ዘጋሁና ተከተልኳት።

የአበቡ ቤት ከአራዳ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ፈህሚያ ጆጉ እንዳይፈስ እያየች ትራመዳለች። እኔ ግን ስፈራ ስለማወራ፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መብራት መጥፋት ብዙ አወራሁ። አበቡ በሩን ስትከፍት ፊቷ ጠቁሯል።

«እናቴ ከትናንት ጀምሮ ጠዋት እምቢ አለችኝ» አለችን በሹክሹክታ። «መድኃኒቷን ትውጣለች፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም ትላለች። ዛሬ ላብ አስምጧት ነበር። ምን እንደነካት አትነግረኝም።»

ፈህሚያ አበቡን አልፋ ገባች። ምክሬ ወደ እኔው የተመለሰው ያን ጊዜ ነው። እንዳይወድቁ ብዬ ዝም በይ ያልኳት፣ በዝምታው ውስጥ ሊወድቁ ነበር።

እትዬ ወለተሩፋኤል መደብ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ፈህሚያን ሲያዩ ለመነሣት ሞከሩ፤ ጉልበታቸው አልታዘዘም።

«ምነው ልጄ፣ ምን እግር ጣለሽ?» አሉ። «ጦማችሁ ሊገባ አይደለም?»

ፈህሚያ ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠች። እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«እትዬ፣ አፉ ይበሉኝ። በሎሚ አልነበረም። አጓት ነው። የሐዲጃን አጓት ነው የጨመርኩበት። ሲጠይቁኝ ዋሸሁዎት።»

አበቡ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ጣሪያውን አየሁ። አሮጊቷ የጋቢያቸውን ክር ጎተቱ።

«አውቄዋለሁ» አሉ።

ፈህሚያ ቀና አለች።

«ጃናሞራ ተወልጄ፣ ላም ሳልብ አርጅቼ፣ አጓት ይጠፋኛል? ማክሰኞ ዕለት ነው አፌ ያወቀው። አይሆንም ይሆናል ብዬ ተውሁት። ሮብ የጠየቅሁሽ አጥቼው አይደለም፤ ከአፍሽ ልሰማው ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን ጠጡት?» አለች ፈህሚያ።

«ሎሚ ነው ስትይኝማ ነፍሴ ደስ አላት። ይኸው ሎሚ ነው ብላኛለች፣ ምን አገባኝ አልሁና ጠጣሁት። የወተቱ ነገር ናፍቆኝ ነበር ልጄ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። በአንቺ ውሸት ተከልዬ ገደፍሁ።» እንባቸው ወረደ። «ይኼን ለንስሐ አባቴ እንዴት ብዬ ልንገር? ሰዓቱን ተዉልኝ፣ እኔ ደግሞ ፍስኩንም ጨመርሁበት። ስለዚህ ሰዓቱን መልሼ ልጡም አልሁ።»

«ኃጢአቱ የእኔ ነው» አለች ፈህሚያ።

«የኔ ነው እንጂ።»

«እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

«እኔ ነኝ እያወቅሁ የጠጣሁት።»

ሰው በርስት ሲካሰስ አይቻለሁ፤ ሰው በኃጢአት ሲሻማ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሳቄ ሊመጣ ነበር፤ ግን አልሳቅሁም። «ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ» ብዬ ልናገር አሰብኩ። አፌ አልከፈት አለ። የዚያ ቀን ድርሻዬን ሳልወስድ ነው የተመለስኩት።

በመጨረሻ እትዬ ወለተሩፋኤል እጃቸውን ፈህሚያ ራስ ላይ፣ ሻሽዋ ላይ ጫኑ።

«እንግዲያው ግማሹን ውሰጂልኝ» አሉ።

«ሁሉንም ልውሰድልዎት።»

«ግማሹን ነው ያልሁሽ። ሁሉን ከወሰድሽማ እኔ ለንስሐ አባቴ ምን ይዤ ልሄድ ነው? ይቅር ለግዜር ልጄ። አንቺም በይኝ።»

«ይቅር ለአላህ» አለች ፈህሚያ፤ እጃቸውን ስማ አለቀሰች።

«እንግዲህ ይብሉልኝ» አለች ቆይታ። ጆጉን አነሣችና ብርጭቆ ላይ ቀዳች። «ይኼ በአቸቶ ነው። ይሸታል።»

አበቡ አጠገባቸው ቆማ ጠበቀች። አሮጊቷ አማተቡና ጠጡ። አንድ ጊዜ ፊታቸው ተጨማደደ፤ ትንፋሻቸውን ያዝ አድርገው እስከ መጨረሻው ጠጡት።

«ሸጋ ነው» አሉ።

እኔ ከጆጉ የተረፈውን ቀምሼዋለሁ። ሸጋ አልነበረም።

ሲመሽ ጨረቃዋ ታየች። ረመዳን ገባ፤ ፈህሚያ ጁስ ቤቷን በቀን ዘግታ ለማፍጠሪያ ብቻ መክፈት ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ግን ከሱሑር በኋላ፣ ሱብሒ ሰግዳ፣ የእትዬ ወለተሩፋኤልን ብርጭቆ ትሠራለች። ራሷ ጾመኛ ስለሆነች አትቀምሰውም። ቀይ ክር ያለበትን ጆግ ይዛ ዳገቱን ትወጣለች፤ ዕድሜ ለዳገቱ፣ አሁን ከእኔ በጣም የከሳች ናት። ሳምንት ሳይሞላ መንገዱ ተከፈተና ሎሚ ወረደ። ቶፉው እንደ ድሮው ሆነ። ፈህሚያ የተጨመቀውን የሎሚ ልጣጭ በሰሐን አድርጋ፣ ከብርጭቆው ጎን ታስቀምጥላቸው ጀመር።

እትዬ ወለተሩፋኤል ልጣጩን አያዩትም። ለንስሐ አባታቸው ደውለው ተናዝዘዋል፤ ቀኖናቸውን ተቀብለዋል፤ ቁርሳቸውንም እንዳይተዉ ታዘዋል። ፈህሚያን ሲያዩ ፊታቸው ይበራል፤ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ሸሪፍ፣ ስለ ጾሟ ይጠይቋታል። አንድም ቀን ነገሩን አላነሡባትም። ይቅር ያሉት ከልባቸው ነው፤ ይህን በዐይኔ አይቻለሁ።

በቀደም ጠዋት ከዳገቱ ስትወርድ መንገድ ላይ አገኘኋት። ባዶውን ጆግ በደረቷ አቅፋዋለች።

«አልጠጡም እንዴ?» አልኳት፣ ፊቷን አይቼ።

«ጠጡ» አለች። «ሁልጊዜ ይጠጣሉ። ግን አያ አስናቀው፣ የጦም ነው ብለው ሁለተኛ ጠይቀውኝ አያውቁም። ብርጭቆውን አቀርባለሁ፣ ያማትባሉ፣ ይጠጣሉ። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። የጾም ነው እትዬ ልል አፌን ከፍቼ እጠብቃለሁ።»